የሚነበበው ቋንቋ

ኒባልዶ ስልኩን ያነሳው ከአምስት ጥሪ በኋላ ነው። ኤዴልሚራ ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ፣ «ማኅበሩ ፈቀደ!» አለችው። «አሮጌውን ፕሮግራም ጥለሽ እንደ አዲስ ጻፊው ተብያለሁ። በየትኛው የኮምፒውተር ቋንቋ እንደምጽፈው አሥር ሰዓት ሳይሞላ ማሳወቅ አለብኝ።»

አሮጌውን የጻፉት ሁለቱ ናቸው፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ካስትሮ ወደብ፣ የጀልባ ባለንብረቶች ማኅበር ፎቅ ላይ። የትኛዋ ጀልባ ወደየትኛው ደሴት እንደምትሄድ፣ ስንት ሰው እንደጫነች፣ ማዕበል ሲነሳ የትኛዋ እንደምትቀር፣ ከማኅበሩ ድረ ገጽ ጀርባ ሆኖ የሚያውቀው ይህ ፕሮግራም ነው። ያኔ በቋንቋው ምርጫ ሦስት ቀን ተጨቃጭቀው፣ በአራተኛው ተኮራርፈው ምሳ ለየብቻ በልተዋል። ኒባልዶ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሳንቲያጎ ከሄደ አሁን ስድስት ዓመቱ ነው።

«እኔ ፓይተን ይሁን ብያለሁ» አለችው፣ ነገር ፍለጋ። እሱ የሚወደው ጎ የሚባለውን እንደሆነ ታውቃለች። «ጎ ፈጣን ነው ልትለኝ ነው አይደል? ሠላሳ ጀልባ ላለው ወደብ ፍጥነት ምን ሊሠራ? በል ተናገር፣ አንተ ግትር!»

ጠበቀች። ከወዲያ በኩል የቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ይሰማታል።

«ጥሩ ነው ኤዴ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ደስ ያለሽን ምረጪ።»

«አትሟገተኝም?»

«ስብሰባ ላይ ነኝ እኮ። ቅዳሜ እደውልልሻለሁ፣ እሺ?»

የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልነገራትም።

ስልኩን አስቀመጠችው። «አንቺ ሴትዮ፣ ምንም አይገባሽም!» ብሎ ቢጮህባት ኖሮ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት በዋለች ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን ሮሳሜል የዝናብ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ገቡ። አርባ ዓመት ጀልባ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። «እህስ ልጄ፣ የቱን አልሽ? ደብዳቤውን ልፈርም።»

«አንደኛው ፈጣን ነው። ሌላው ለሚያነበው ሰው ይቀላል፤ ኮረብታው ላይ ያለው የሙያ ትምህርት ቤትም የሚያስተምረው እሱን ነው።»

«ታዲያ የሚያነበው ማነው? ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

ክፋት አስበው አይደለም። ኤዴልሚራ ግን ኒባልዶ ከሄደ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ በልቧ ቆጠረች። ስድስት ዓመት ሙሉ የጻፈችውን አይቶ፣ «እዚህ ጋ ተሳስተሻል» ያላት አንድም ሰው የለም። ለመጨረሻ ጊዜ የተሳሳተችውንም ራሷ ደርሳበት፣ ራሷ አርማው፣ ለማንም ሳታወራ ወደ ቤቷ ሄዳለች።

«የሚነበበውን ይጻፉልኝ» አለች በመጨረሻ። «ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ከጨረሱት አንድ ሰው ይቀጠር የሚል ይጨምሩበት።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። «እጨምራለሁ። ጉባኤው እሺ ማለቱን ግን እንጃ።»

«ግድ የለም። ይጨምሩበት።»

እሳቸው ሲወጡ ባዶ ገጽ ከፈተች። ለራሷ ስትጽፍ ማብራሪያ ጽፋ አታውቅም፤ ዛሬ ከሁሉ በፊት እሱን ጀመረች። «ጀልባ በማዕበል ስትቀር ይህ ክፍል ለተሳፋሪዎች መልእክት ይልካል። አንዳንዴ የማይልክበትን ምክንያት ከታች ጽፌልሃለሁ።»

ቆም አለች። «ጽፌልሻለሁ» ብላ አረመችው። እሱንም አጠፋችው። ከዚያ እጆቿን ከቁልፎቹ ሳታነሳ፣ የሚመጣው ወንድ ይሁን ሴት፣ መምጣቱም እንኳ ሳይታወቅ፣ ምን ብላ እንደምትጠራው ስታስብ ተቀመጠች።