የተዘለለው ቅድመ አያት

ተመራማሪው ላፕቶፑን ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ከፈተ። ሽማግሌው የአገሬው ሙሽሮች ሁሉ ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት የሚያስቆጥሯቸው የዘር አዋቂ ናቸው።

«ይህ የመረጃ ቋት የሰጡትን መልሶ ብቻ አይነግርም» አለ ተመራማሪው። «ማን ማንን እንደወለደ መዘገብኩበት። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም የሚለውንም ደንብ ጨመርኩ። ከዚያ ማንም ያልነገረውን ራሱ ይደርስበታል። የዓለም ሊቃውንት ስንት ዓመት የደከሙበት ጥናት ነው።»

«እኔ የማላውቀውን ሊነግረኝ?» ሽማግሌው ሳቁ። «እስቲ መጋባት ያልነበረባቸውን ባልና ሚስት ጠይቀው።»

ጠየቀው። ተመራማሪው መልሱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አባባ… እርስዎና እማማ ብርነሽ ናችሁ። በእሳቸው በኩል ስድስተኛው ቤት ላይ ትገናኛላችሁ።»

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ሰረቅ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእሷን ዘር ማን ነገረህ?»

«ራሳቸው ናቸው።»

«አንድ ቅድመ አያት ዘላለች። ስሙ ቢተው ነው፤ ጨምርበት።»

ጨመረበት። ማሽኑም ጋብቻውን ፈቀደ።

«እማማ ግን የገዛ ቅድመ አያታቸውን እንዴት ዘለሏቸው?»

«ከየት ታውቀዋለች ልጄ? ለሠርጋችን ሳምንት ሲቀረው ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»