የባለቤት ዕዳ

«ባለቤት አለ?»

በር ላይ የቆመው ወጣት ሄልሜቱን በብብቱ ይዟል…

በሩን የከፈቱት እናት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ክር በከንፈራቸው ይዘዋል።

«ባለቤቴማ ካረፈ ዓመት አለፈው» አሉ ክሩን ከአፋቸው አውጥተው።

«ነፍስ ይማር እማማ… ይቅርታ። የመጣሁት ከውሃ መሥሪያ ቤት ነው።»

«የምን ውሃ?»

«የባለቤት ዕዳ አለ። ያልተከፈለ የውሃ ሂሳብ። አብዛኛው የቆየ ነው… በሕይወት እያሉ የተጠራቀመ። ወራሻቸው እርስዎ ነዎት?»

«ከእኔና ከልጁ ሌላ ማን አለው?»

«እንግዲያው ወደ እርስዎ ዞሯል ማለት ነው። ወረቀቱን ይዩት…»

«ኧረ ድምፅህን ቀንስ! ጎረቤት ሰማ!»

ወረቀቱን ሳያዩ በሩን ዘጉ።

ባለቤታቸው የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ በየወሩ የኪራዩንና የውሃውን ገንዘብ ከሚስታቸው እጅ ይቀበላሉ… ኮታቸውን ለብሰው ወደ አከራዩ ይሄዳሉ። ጠዋት ወጥተው የሚመለሱት ከሰዓት በኋላ ነበር።

እትዬ መርፌ ያን ቀን መቀስ አልያዙም። ቁጭ ብለው አሰቡ…

የውሃውን ገንዘብ ከእጄ ይወስዳል። ውሃው አልተከፈለም። ግማሽ ቀን ይጠፋል…

ታዲያ የት ነበር የሚውለው? ለማን ነበር የሚሰጠው?

ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ነገሯት።

«አባትሽ ጉድ ሠርቶኛል።»

«አባባ? አባባ እንኳን የውሃ፣ የክብሪት ዕዳ የማያሳድር ሰው!»

«እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው።»

«እማዬ ተይ… እስቲ አከራያችንን ጠይቂያቸው።»

«ምን ብዬ? ባሌ ሌላ ቤት ነበረው ወይ ብዬ?»

የባላቸውን ፎቶ ከግድግዳው አውርደው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አንሶላ ሥር ከተቱት።

«እዚያ ሆኖ ውሃ ይቆጥብ!» አሉ።

ልጅቷ ሳቋ መጣ… የእናቷን ፊት ስታይ ግን ዋጠችው።

ከዚያ በኋላ ወደ መቃብሩ መሄድም ቀረ። ስማቸውም በቤቱ አይነሳም። ልጅቷ «አባባ» ስትል እናትየው ተነስተው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ወጣቱ ግን ስልካቸውን ከሰፈር ሰው ወስዶ መደወሉን አልተወም።

«እማማ፣ ውሃው ሊቆረጥ ነው።»

«እማማ፣ አለቆቼ እኔን ነው የሚይዙኝ።»

አንድ ቀን ደግሞ… «እማማ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ነው።»

«በማን ስም?»

«በባለቤት ስም ነዋ!»

ስልኩን ዘጉት።

«አታሎኛል፣ እሺ» አሉ ለልጃቸው። «ግን ሞቶ ስሙ ፍርድ ቤት አይጠራም። እኔ እያለሁ አይሆንም!»

የስፌት ማሽናቸውን ሸጡ። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን…

ገንዘቡን ይዘው ከልጃቸው ጋር ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። በመስኮቱ በኩል ካሸሯ ጠየቀቻቸው።

«የባለቤት ስም ከነአባት?»

ነገሯት። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገች።

«በዚህ ስም ዕዳ የለም።»

«ደህና አድርገሽ እዪው ልጄ፣ ሞቷል እኮ።»

«እስቲ የቤት ቁጥሩን ይንገሩኝ…»

ነገሯት። አሁን ካሸሯ ሌላ ስም አነበበች።

«እሳቸውማ አከራያችን ናቸው» አሉ እትዬ መርፌ።

«አዎ፣ የቤቱ ባለቤት።»

«ባለቤት ማለት… የእኔ ባለቤት አይደለም?»

«የእርስዎ ባል አይደሉም እማማ! ቤቱን ያከራዩዎት ሰውዬ ናቸው። ቆጣሪው በእሳቸው ስም ነው። ቤትዎ የመጣው ሠራተኛችን እርስዎ የሰውዬው ሚስት መስለውት ይሆናል። እርስዎ ዕዳ የለብዎትም።»

ከሰልፉ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

ልጅቷ እዚያው ሆና ለአከራዩ ደወለች። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አደረገችው።

«ልጄ፣ አባትሽማ የውሃውን በየወሩ በእጄ ያስረክቡኝ ነበር» አሉ ሰውዬው ድምፃቸው ተቆራርጦ። «እኔ ነኝ ያልከፈልኩት… ቸገረኝና በላሁት። እከፍላለሁ።»

ሰውዬው ቀጠሉ።

«ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ነበር የሚመጡት እኮ። ታክሲ ያዙ ስላቸው ‹ለእሷ ክር ይገዛበታል› ይሉኝ ነበር።»

እትዬ መርፌ ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተቀመጡ።

ገንዘቡ ሳይነካ በእጃቸው ነው። ማሽኑን የገዛው ነጋዴ ግን ለሌላ ሸጦታል።

በማግስቱ መቃብሩ አጠገብ ልጅቷ እናቷን ልታጽናና ሞከረች።

«እማዬ፣ ገንዘቡ እኮ አልጠፋም። ሌላ ማሽን እንገዛለን።»

«ማሽኑን ማን አነሳው ልጄ?…»

መሬቱን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ቢኖር እኮ ይቆጣኝ ነበር። ሁለት ቀን አኩርፎኝ ይወጣለት ነበር። አሁን ማን ይቆጣኝ?»

ወገኖቼ… ዕዳ አለባችሁ የሚል ሰው በራችሁ ሲቆም አትደንግጡ፣ አትፍሩ። ወረቀቱን ተቀበሉ። ማንበብ ካልቻላችሁ አስነብቡ። «የማን ዕዳ ነው? ስሙ ከነአባቱ ማን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ተከራይ ከሆናችሁም ተከራይ መሆናችሁን በመጀመሪያ ተናገሩ።

ከሁሉም በላይ ግን… ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። በሕይወት ያለን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል።

እናንተስ፣ በሌለ ሰው ላይ ፈርዳችሁ እውነቱን በኋላ የሰማችሁበት ጊዜ አለ? ያኔ ምን አደረጋችሁ? ከታች ጻፉልኝ… ቀስ እያልኩም ቢሆን ሁሉንም አነባለሁ።