እሜቴን ማን ገደላት?

«እንዳታይ… እንዳታይ…»

ሾፌሩ ወለሉ ላይ የወደቀችውን ቢጫ ቅጠል ብድግ አድርጎ ኪሱ ከተታት።

ቀና ብሎ በተከፈተው በር ወደ መኝታ ክፍሉ ተመለከተ።

ሚስቱ አልጋዋ ላይ ሆና አይታዋለች…

«አይዞሽ፣ ምንም አልሆነችም!» አላት።

ውሸቱን ነው። ደግሞ ውሸት አይችልበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው…

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰፈሩ ውስጥ እሷ ዚፕ ያልቀየረችለት ሱሪ ያለ አይመስለኝም።

ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሁሌም አንዲት ቅጠለ ሰፊ የቤት ውስጥ ተክል አለች። ስሟን «እሜቴ» ብላ አውጥታላታለች።

ደንበኛ ሲያማርራት ዞር ብላ «እሜቴ፣ እየሰማሽ ነው?» ትላታለች።

አንድ ቀን ታዲያ እዚያው ስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች ስትሮክ መታት…

ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። አንደበቷ ተያዘ። ራሷን በትንሹ ከማንቀሳቀስና ከማልቀስ በቀር ምንም የማትችል ሆነች።

ሐኪሙ «ጊዜ ስጧት» ብሎ ሸኛቸው።

ባልና ሁለት የደረሱ ልጆች… ምን እንደሚያደርጉ ጨነቃቸው።

አስተማሪዋ ሴት ልጇ «እማዬ ዓይኗ የሚያርፍበት ነገር ያማረ ይሁንላት» ብላ ለእሜቴ የሚያብረቀርቅ ነጭ የሸክላ ማስቀመጫ ገዛችላት።

እሜቴ እስከዚያ ድረስ የኖረችው በቀለም ጣሳ ውስጥ ነው። ወንድ ልጇ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ይቀባል፤ ባዶውን ጣሳ አምጥቶላት፣ እሷ ታቹን በምስማር በሳስታ እሜቴን ተከለችበት።

አሮጌው ጣሳ ተጣለ። እሜቴ አዲሱ ቤቷ ገባች፣ ከአልጋው እንድትታይም በሩ ፊት ለፊት ቆመች።

ከዚያ በኋላ ነው መገርጣት የጀመረችው…

ሾፌሩ ደነገጠ። ለልጆቹ ግን ትንፍሽ አላለም። «እሜቴ ልትሞት ነው» ማለት፣ እዚያ ቤት ውስጥ ማንም ሊለው የማይደፍረውን ሌላውን ነገር የመናገር ያህል ከበደው።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱን ሊያወጣ ከመሄዱ በፊት በጆግ ያጠጣታል።

በልጆቹም ይበሳጫል። «እናታቸው የምትወዳት አንዲት አበባ! ዞር ብሎ የሚያያት እንኳ የለም!»

ጆጉን ሲያዘነብል ሚስቱ ራሷን ግራና ቀኝ ትወዘውዛለች። እንባዋ ይወርዳል።

«አውቃለሁ የኔ እናት… አታልቅሺ፣ እኔ እያለሁ አትሞትም!»

እንባዋን ሲያይ ሌላ ጆግ ይሞላል…

እሜቴ ግን ጭራሽ ባሰባት።

አንድ ቅዳሜ አውቶቡሱ ተበላሽቶበት በቀን ቤት ገባ። በሩን ሲከፍት ወንድ ልጁ ቱታውን እንደለበሰ እሜቴ ላይ ጎንበስ ብሏል። እጁ ላይ ጠርሙስ ውሃ…

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ላጠጣት ነዋ አባዬ! ሁሌ ምሳ ሰዓት ብቅ እያልኩ አጠጣታለሁ። እኔ ባልኖር ማን ያስታውሳታል?»

«ማን ያስታውሳታል?! እኔስ ጠዋት ጠዋት…»

ሳይጨርስ ልጅቷ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ከኩሽና ወጣች። ሁለቱን ስታይ ደርቃ ቀረች።

«እንዴ… ማታ ማታ የማጠጣት እኔ አይደለሁ እንዴ? ዛሬ ማታ ስለማልኖር ነው አሁን የመጣሁት።»

ሦስቱም ተያዩ።

ወንድ ልጁ ቀስ ብሎ ከቱታው ኪስ የደረቁ ቢጫ ቅጠሎች አወጣ። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተች… እዚያም ቅጠል። ሁሉም እናትየው እንዳታይ እየለቀመ ሲደብቅ ነው የከረመው።

ሾፌሩ ማስቀመጫውን ዘንበል ሲያደርገው ጥቁር ውሃ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። እሜቴን ያዝ ቢያደርጋት ግንዷ ብቻ እጁ ላይ ቀረ… ሥሯ በስብሶ አልቋል።

ልጅቷ የማስቀመጫውን ታች በእጇ ዳሰሰችው።

«ቀዳዳ የለውም…» አለች። «እኔ ነኝ የገዛሁት።»

ያኔ ሾፌሩ አንድ ነገር ትዝ አለው። ሚስቱ ውሃ ከማጠጣቷ በፊት ሁሌ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰድ ነበር። እርጥብ ከሆነ «አልጠማትም» ብላ ጣቷን ጠርጋ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ይህን ሦስቱም ስንት ጊዜ አይተዋል… አንዳቸውም ጣታቸውን አላስገቡም።

መኝታ ክፍል ገብቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ያን ሁሉ ጊዜ ራስሽን የምትወዘውዢው… ‹አታጠጡ› ልትዪን ነው?»

በአዎንታ ነቀነቀች።

ወገኖቼ…

አስቡት። አልጋዋ ላይ ሆና ጠዋት ባሏን፣ ቀን ወንድ ልጇን፣ ማታ ሴት ልጇን ታያለች። የምትወዳትን ተክል በየተራ ሲያሰጥሙባት! ከማልቀስ በቀር ምንም አልቻለችም። እሷ ስታለቅስ ደግሞ እነሱ ውሃ ይጨምራሉ።

ሾፌሩ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ሌላስ… ሳንጠይቅሽ የምናደርግብሽ ነገር አለ?»

ነቀነቀች።

«ትራሱ? ከፍ ብሎብሻል?»

ነቀነቀች።

«ሬዲዮው? ይረብሽሻል?»

ነቀነቀች።

«ሾርባው?»

እንባዋ እየወረደ ነቀነቀች…

የሚጠይቀው አለቀበት። እሷ ግን አሁንም ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ገና ያልጠየቃት ነገር አለ። ምን እንደሆነ እሱ አያውቅም፣ እሷም ልትነግረው አትችልም።

ወዳጆቼ፣ እሜቴን የገደላት ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር። ሦስቱም ይወዷት ነበር። ግን እርስ በርስ አልተነጋገሩም፣ የታመመችውንም አልጠየቁም። ለምትወዱት ሰው ከመጨመራችሁ በፊት ጠይቁት፤ መልሱን ለመስማት ደግሞ ቁጭ በሉ።

እናንተስ… ቤታችሁ ውስጥ ሳትጠይቁት የምታጠጡት ሰው ማን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሄዳችሁ ጠይቁት…