የቀበሌው መስኮት እና የእማማ ነፊሳ ቢላ

«መስኮቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተከፈተ አናጢው ክንዱ ወደ አውራጃ ይላካል...»

ይህን ያሉት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አዘዘ ናቸው።

ዘመኑ 1971፣ ወሩ መስከረም፣ ቦታው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለው የቀበሌ አዳራሽ።

በአውራጃው መኪና ተጭኖ የሄደ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም...

የአናጢው የክንዱ ሚስት የሺአረግ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ምሳውን እንደ ቋጠረች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የአዳራሹ ብቸኛ መስኮት ከአብዮት በዓል ማግስት ጀምሮ አልከፈት አለ።

በውይይት ሰዓት ሦስት መቶ ሰው በላብ ተጠመቀ። አንድ አዛውንት ራሳቸውን ሳቱ።

«የሰፊውን ሕዝብ አየር መዝጋት አሻጥር ነው» አሉ ጓድ አዘዘ።

ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት የመስኮት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው ሁለት ሳምንት ሙሉ ደክሞ የደረሰበትን አነበበ...

መስኮቱ አይከፈትም። ቀድሞ ይከፈት ነበር። የሠራው ክንዱ ነው። ክንዱ በበዓሉ ላይ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ጥልቅ ጥናት እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም።

እውነትም ክንዱ አልነበረም። ጳጉሜን ሲገባ ለወገቡ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ገና ከመኪና ሳይወርድ ተያዘ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መስኮቱን በመጋቢት ሠርቼ አስረከብሁ» አለ ክንዱ። «ወንዛዬ ስሄድ ይከፈት ነበር።»

«ታዲያ አንተ ከሄድህ ወዲህ ምን ተፈጠረ?»



ሦስት መቶ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«እስቲ አንዴ ልየው» አለ ክንዱ።

«አሻጥረኛ ወደ አሻጥሩ አይጠጋም።»

መሮውና መላጊያውም በማስረጃነት ታሽገዋል።

ሁለት ጥበቃዎች መስኮቱን በሰደፍ ሊመቱት ተነሡ። ጓድ አዘዘ ከለከሏቸው። መስተዋቱ የሕዝብ ንብረት ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን እማማ ነፊሳ መጡ።

የክንዱ ጎረቤት ናቸው። ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበለቱ ይሸጣሉ። እጃቸው ላይ ያቺ እንደ ወረቀት የሳሳች የዓሣ ቢላቸው አለች።

«ጓድ ነፊሳ፣ ቢላ ይዘው የት ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አቧራ ልጠርግ።»

«በቢላ?»

«ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ደርቋል ጓድ። እንደ ቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ነው፤ ካልፈቀፈቁት አይለቅም።»

ኮሚቴው ተማከረ። አቧራ መጥረግን የሚከለክል መመሪያ አልተገኘም።

እማማ ነፊሳ የቢላዋን ጫፍ በመቃኑና በመዝጊያው መካከል ሰኩት...

አልመቱም። አልጎተቱም። ቀስ እያሉ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ፣ ዙሪያውን ሳቡት።

ከስንጥቁ ረጅም ቀይ ልጣጭ እየተንጠለጠለ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጓድ አዘዘ።

«አቧራ ነው።»

«ቀይ አቧራ?»

«ዘንድሮ ምን ቀይ ያልሆነ አለ ጓድ?»

ልጣጩን ጠቅልለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«የሺ፣ ጧፍ ይዘሻል?» ሲሉ ጠየቁ።

የሺአረግ ለምጧ የተሳለችበትን የጧፍ ቁራጭ ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ... ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። እማማ ነፊሳ ግን እሳት አልፈለጉም። ሰሙን የመዝጊያውን ጠርዝ ጠርዝ አሹበት፤ ማጠፊያዎቹ ላይ ከያዙት ብልቃጥ ጠብ ጠብ የኑግ ዘይት አደረጉ።

ከዚያ ወደ ኋላ አሉ።

«በሉ እርስዎ ይግፉት። እኔ አሮጊት ነኝ፣ አቅም የለኝም።»

ጓድ አዘዘ በአንዲት ጣት ነካ አደረጉት...

ተከፈተ።

የጣና ነፋስ ገባ። የውኃ ሽታ፣ የደንገል ሽታ ገባ። ሦስት መቶ ሰው ባንድ ላይ ተነፈሰ። ነፋስ እንዲህ ሲከበር ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፦ «መስኮቱ በጓድ ሊቀመንበር ቆራጥ አመራር ተከፈተ።»

መስኮቱ ከተከፈተ የዘጋው ሰው የለም ማለት ነው። ስለዚህ ክንዱ ተፈታ። መኪናው ባዶውን ሄደ።

በር ላይ ክንዱ እማማ ነፊሳን ያዝ አድርጎ በሹክሹክታ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የኔ ሥራ ነው የተበላሸ?»

እማማ ነፊሳ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ።

ልጣጩ ቀለም ነበር። የዘይት ቀለም። መካከሉ ላይ የሰው አውራ ጣት አሻራ እንደ ታተመ ደርቋል።

«ይሄ ጣት ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ የሺን ይዘህ ግባ።»

«የማን ነው?»

ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ነገሩት።

በበዓሉ ዋዜማ ጓድ አዘዘ ብሩሹን በራሳቸው እጅ ይዘው መስኮቱን ቀይ ቀቡት። እንደ ተዘጋ። ስንጥቁ እስኪደፈን። በአውራ ጣታቸው እየጠቀጠቁ።

«ማን አየ?» አለ ክንዱ።

«ሦስት መቶ ሰው ነበርን ልጄ። እኔም ነበርሁ። እጄ እስኪቃጠል አጨብጭቤያለሁ።»

በቀበሌው ሁሉ ያላየው አንድ ሰው ብቻ ነበር... የታሰረው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው ወዳጆቼ።

መስኮት ስትቀቡ ገርበብ አድርጋችሁ ቅቡ። ቀለሙ እስኪደርቅ ከፈት ዘጋ አድርጉት። ከተጣበቀ አትምቱት፤ ስስ ቢላ በዙሪያው ሳቡበት፣ ጠርዙን ሰም እሹት። አናጢውን ማሰር አያስፈልግም።

እስቲ እናንተም ጻፉልኝ... እናንተ ዘንድ አልከፈት ያለው መስኮት የትኛው ነው? ሲቀባስ የት ቆማችሁ ነበር ያጨበጨባችሁት?