የሸለፈት ክርክር

የአራሷ ባልና አባቷ ሳምንቱን ሙሉ በሕፃኑ ሸለፈት ተጨቃጨቁ። ጎረቤት ሳይቀር ክርክሩን በቃሉ ይዞታል።

«ሸለፈት እኮ ትርፍ ቆዳ አይደለም ጋሼ፤ እንደ ዐይን ቆብ ይሸፍናል፣ ስሜትም አለው። ልጄ አይገረዝም!» ይላል ባልየው።

«እኔ ቤት ያልተገረዘ ወንድ አያድግም!» ይላሉ አማቱ አቶ ድልነሳሁ፣ ከዘራቸውን እየወዘወዙ።

በስምንተኛው ቀን ገራዡ መጡ። ባልየው በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም ቢልም አማቱ እሱን ገፍተው አስገቧቸው። ገራዡ ዳይፐሩን ፈተው ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያም ምላጫቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

«ይሄ ልጅ ከተፈጥሮው ሸለፈት የለውም።»

ሁለቱ ወንዶች ወደ አራሷ ዞሩ።

«ታውቂ ነበር?»

«ከተወለደ ጀምሮ» አለች ልጇን እየተቀበለች። «አንዳችሁ ዳይፐር እስክትቀይሩለት እየጠበቅኩ ነበር።»