አጭሩ መጠይቅ

ረጅሙ የጠባይ መጠይቅ ተኝተው የሚታከሙትን የአእምሮ ሕሙማን ያደክማቸው ነበር። ግማሹ ላይ ሲደርሱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ወጣቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ አሳጠረው። የቀረው ማጠሩ እንዳላበላሸው ማሳየት ነበር፤ ሰው ዛሬ የመለሰውን በሳምንቱም ከደገመው መጠይቁ ይታመናል።

መጀመሪያ የጠየቀው ሴቶች ክፍል የተኙትን ልብስ ሰፊ ነው። ሕመሙ ቀሎላቸው መውጫቸው ደርሷል። መነጽራቸው ስለተሰበረ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ራሱ አነበበላቸው። እውነት ወይም ሐሰት ብቻ እንዲሉት ነግሯቸው ጀመረ።

“በትንሽ በትልቁ እናደዳለሁ።”

ዐይን ዐይኑን አዩት። “ሐሰት፣ ልጄ።”

“ሰውን እንቃለሁ።”

“ኧረ ሐሰት።”

እስከ መጨረሻው እንዲሁ በደህና አለቀ። ሐኪሙም በሳምንቱ ሊያስወጣቸው ተስማማ። ታናሽ ወንድማቸው ደስ ብሎት ለጎረቤቱ ሁሉ እህቴ ድናለች ብሎ አወራ።

በሳምንቱ ሁለተኛው ዙር ትንሽ ዘገየ። ባለሙያው ወረቀት ያቀላቀለችበትን ነርስ እዚያው ሴቶች ክፍል ሕሙማኑ መሀል አቁሞ ሲቆጣት ቆይቶ ነው የመጣው።

ልብስ ሰፊዋ አሁን መሬት መሬት እያዩ ነበር የሚመልሱት። መናደዱን እውነት አሉት። ሰው መናቁንም እውነት። “ስህተቴን ከማምን ሞቴን እመርጣለሁ” የሚለው ላይ ሲደርስ ጥቂት አመነቱና እሱንም እውነት አሉ።

ባለሙያው ደሙ ፈላ። ወይ መጠይቁ አይረባም፣ ወይ ሴትዮዋ ለመውጣት ብለው ያኔ ዋሽተዋል። መጠይቁን ደግሞ የሠራው እሱ ነው። ለሐኪሙ ነግሮ መውጫቸውን አሳገደ።

ወንድማቸው ልብሳቸውን በፌስታል ይዞ ሲመጣ ባለሙያው እሱው ፊት ጠየቃቸው።

“ለምን ዋሹኝ?”

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። ለጎረቤት ምን እንደሚል ጨነቀው። እሳቸው የብርድ ልብሱን ጫፍ እያፍተለተሉ፣ ወንድማቸው ትንሽ ውጭ እንዲጠብቅ ለመኑ።

“ሰው ፊት የሚነገር አይደለም” አሉ።

“ግድ የለም፣ ይስማ። እዚሁ ይናገሩት።”

ልብስ ሰፊዋ በእፍረት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“አልዋሸሁህም፣ ልጄ፤ እናደዳለሁ፣ ሰው እንቃለሁ እያልክ ስለ ራስህ ስታማክረኝ፣ ያኔ ገና ጠባይህን አላወቅሁትም ነበር።”