በአማርኛ ያልቅሱ
አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ሳጥኑ ስትራመድ ክንዷን ያዝኳትና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ።

«አክስቴ፣ እባክዎ በአማርኛ ያልቅሱ።»

ከጨንቻ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዛ ነው አስኮ የደረሰችው። እግሯ አብጧል። ታናሽ እህቷ አልማዜ፣ የእኔ እናት፣ ድንኳኑ መሃል በሳጥን ተኝታለች። በአገራቸው አልቃሽ ማለት አክስቴ ናት፤ የሟችን ዕድሜ ከልደቱ ጀምራ እየጠራች መንደር የምታስለቅስ። እናቴ «የሞትኩ ቀን እህቴ ትድረስልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም» ትለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ የሚስቴን እናት፣ አማቴን ፈራሁ። ከነወንድሞቻቸው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ዘሬን ሲጠይቁ በአባቴ ጎጃሜ መሆኔን ብቻ አስነገርኩ። የእናቴ አባት የጋሞ ሸማኔ መሆኑን ዋጥኩት። እናቴም ገብቷት ሠርጌ ላይ እንደ ሩቅ ዘመድ ጥግ ይዛ ዋለች። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ዛሬም በዚያው ይለፍልኝ ብዬ ነው።

«በአማርኛ?» አለች አክስቴ።

«ሰዉ እንዲገባው ነው።»

ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ያቺኑ ገበያ ላይ የለመደቻትን አማርኛ ፈለገች። «እህቴ ጥሩ ሰው ናት» አለች። «ጥሩ ሰው ነበረች። ልጅ አሳደገች።» ከዚያ ቃል አለቀባት። ነጠላዋን ፈታችና ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«እህቷ ይቺ ናት?» አሉ አማቴ፣ አጠገባቸው ላሉት ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘመነች። «ምነው እንባ የላትም?»

እትዬ ዘመነች ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድዬ፣ ምን ብለሃት ነው? አልማዜ ልብስ ስታሰጣ በጋሞኛ ስታንጎራጉር ሠላሳ ዓመት በአጥር ሰምቻታለሁ። በቋንቋዋ ታልቅስላት እንጂ!»

አማቴ አዩኝ።

«ጋሞ ናት እንዴ? ታዲያ ታልቅሳ፣ ምን ትጠብቃለች?» አሉና አፍንጫቸውን ጠረጉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይኼን ነበር።

የእድሩ ሰዎች ሳጥኑን ሊያነሱ ጎንበስ ብለዋል። አክስቴ ፊት ተንበረከክሁ።

«አክስቴ፣ አልቅሺላት። እንደ አገርሽ አልቅሺላት።»

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ተነሳች። መጀመሪያ የእናቴን ስም ጠራች፤ ከዚያ በኋላ ያለው አልገባኝም። ድንኳኑ በሙሉ ብድግ አለ። አማቴ አንድም ቃል ሳይገባቸው ደረታቸውን ይደቃሉ። አክስቴ ሳጥኑን ተከትላ እስከ መኪናው ድረስ፣ በሕይወት ላለ ሰው እንደሚነገር እየነገረቻት ሄደች። በመሃል ስሜን ሰማሁ። ወንድዬ አለች፣ ደግማ ወንድዬ አለች። ወደ እኔ አልዞረችም፤ የምታወራው ለእህቷ ነው። ስለ እኔ ምን እያለቻት እንደሆነ አላወቅሁም። ጋሞኛ ሳይገባኝ ሲቀር የምጠይቀው እናቴን ነበር።